ሲሶው የጓደኛ ነው

ባሕር ማዶ ያሉ ልጆቻችን ስለ ሥራቸው፣ ስለ ቤት ኪራያቸውና ስለ ብርዱ ሲነግሩን ምክር አናጣም። አንዳንዱ ወሬያቸው ግን ምን ብለን እንደምንመልስ እንኳ ግራ ያጋባል። ፍሎሪዳ የምትኖረው የ28 ዓመት ነርሷ ልጄ ባለፈው ዓመት «ቴክኒካል ዳይቪንግ እየተማርኩ ነው፤ የአየር ሲሊንደሮቹን በግራና በቀኝ ጎኔ ይዤ ነው የምጠልቀው» ስትለኝ የገጠመኝ እንዲህ ያለው ነው። እናቴ ሰምታ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» አለች። እኔም ልጠይቃት በሄድኩበት ወር ሥልጠናውን ዳር ቁጭ ብዬ ተከታተልኩ። ይህን የምጽፈው ልጃቸው ወይም የልጅ ልጃቸው ተመሳሳይ ነገር ለጀመረባቸው አንባቢዎች ነው።

ወደ ላይ መውጣት ሲከለከል

ተራው የስኩባ ጠላቂ አንድ ሲሊንደር በጀርባው አዝሎ ይወርዳል። ችግር ከገጠመው ቀስ ብሎ ወደ ላይ ወጥቶ አየር ያገኛል። ቴክኒካል ዳይቪንግ የሚባለው ይህ መንገድ ሲዘጋ ነው። የሚዘጋውም በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ከራስ በላይ ጣሪያ ሲኖር፣ ማለትም ዋሻ ወይም የሰመጠ መርከብ ውስጥ ሲገባ ነው። ሁለተኛው ጥልቀቱና ቆይታው በዝቶ ናይትሮጅን በሰውነት ውስጥ ሲከማች ነው። የለስላሳ ጠርሙስ በድንገት ሲከፈት እንደሚፈላ ሁሉ፣ ጠላቂው ቸኩሎ ከወጣ ናይትሮጅኑ በደሙና በመገጣጠሚያው ውስጥ አረፋ ይሆናል። ይህ ሽባ ሊያደርግ፣ ሊገድልም ይችላል። ስለዚህ ጠላቂው በየደረጃው እየቆመ፣ አንዳንዴም ከአንድ ሰዓት በላይ እየጠበቀ ይወጣል።

በየ10 ሜትሩ ግፊቱ በአንድ እጥፍ ይጨምራል። 30 ሜትር ላይ ያለ ሰው በውሃው ገጽ ላይ ካለው 4 እጥፍ አየር በእያንዳንዱ ትንፋሽ ይጠቀማል። አየሩም በዚያው ልክ ቶሎ ያልቃል። ለዚህ ነው ሁለትና ከዚያ በላይ ሲሊንደር የሚያስፈልገው።

ሲሊንደርን በጎን መያዝ፣ እነሱ «ሳይድማውንት» የሚሉት፣ መነሻው የእንግሊዝ ዋሻ ጠላቂዎች ዘንድ ነው። ዋሻዎቹ ጠባብና ጭቃማ ስለነበሩ በጀርባ ታዝሎ ማለፍ አልተቻለም። ቆይቶ ዘዴው የውሃ ዋሻ ወደሞላባቸው ወደ ፍሎሪዳና ወደ ሜክሲኮ ተሻገረ። ዛሬ ጀርባቸውን የሚያማቸውና እንደ ልጄ ቀጠን ያሉ ሰዎችም ይመርጡታል። ባዶው የአሉሚኒየም ሲሊንደር ብቻ ወደ 14 ኪሎ ይመዝናል። በጎን ሲሆን ግን ውሃ ውስጥ ቆሞ አንድ በአንድ ማያያዝ ይቻላል።

የዚህን ሙያ ፍሬ ሁላችንም በቴሌቪዥን አይተነዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 ታይላንድ ውስጥ፣ ታም ሉዋንግ በተባለ ዋሻ 12 ታዳጊ እግር ኳስ ተጫዋቾችና አሠልጣኛቸው በጎርፍ ተከበው ነበር። ትንሹ የ11 ዓመት ልጅ ነው። ጁላይ 2 ቀን ያገኟቸው ሪቻርድ ስታንተንና ጆን ቮላንተን የተባሉ እንግሊዛውያን ዋሻ ጠላቂዎች ናቸው። እስከ ጁላይ 10 ድረስ 13ቱም በሕይወት ወጡ። ነገር ግን በመንገዱ ላይ ሲሊንደሮች ሲያስቀምጥ የነበረው የቀድሞ የታይላንድ ባሕር ኃይል ባልደረባ ሳማን ኩናን ጁላይ 6 ቀን ሕይወቱ አልፏል። ውሃው ለበጎ ሥራ የመጣንም ሰው አይለይም።

ዛፍ ለዛፍ የታሰረ ገመድ

ልጄ የሠለጠነችው በሰሜን ፍሎሪዳ፣ ሃይ ስፕሪንግስ በምትባል ከተማ አካባቢ ባሉ ምንጮች ነው። ውሃው ክረምት ከበጋ ወደ 22 ዲግሪ ነው፤ እንደ መስታወትም የጠራ ነው። ጂኒ ስፕሪንግስ የሚባለው ቦታ ላይ ያልሠለጠነ ሰው ዘልቆ እንዳይገባ በአንዱ ዋሻ ውስጥ የብረት ፍርግርግ ተተክሏል። በሌሎች የአካባቢው ዋሻዎች መግቢያ ላይም ማጭድ የያዘ የሞት መልአክ የተሳለበትና ያልሠለጠነ ሰው እንዲመለስ የሚያስጠነቅቅ ሰሌዳ ቆሟል። የጠራ ውሃ የሚያታልለውን ያህል የደፈረሰ አያታልልም።

የመጀመሪያው ቀን ከሞላ ጎደል ያለ ውሃ አለፈ። ማሰሪያዎቹን በሰውነቷ ልክ ማሳጠርና ማስረዘም፣ ሲሊንደሩን ከብብቷ ሥር አስጠግቶ የሚይዘውን ላስቲክ መለካት ብቻ ነበር። በማግስቱ ገንዳ በሚመስለው ምንጭ ውስጥ ሳትንቀሳቀስ ልሙጥ ሆና መንሳፈፍን ተለማመደች። እግሯን እንደ እንቁራሪት ወደ ጎን ትገፋለች እንጂ ወደ ታች አትመታም። ወደ ታች ከመታች ደለሉ ተነሥቶ በቅጽበት እጇን እንኳ ማየት ያቅታታል። ከዚያ ቫልቭ መዝጋትና መክፈት፣ ከአንዱ መተንፈሻ ወደ ሌላው መቀየር፣ አየር ላለቀበት ጓደኛ 2 ሜትር ገደማ በሚረዝመው ቱቦ ማካፈል ተደጋገመ። ሲሊንደሩ በጎን ስለሆነ ቫልቩን ዓይኗ እያየ ትዘጋዋለች። በጀርባ ቢሆን ከማጅራቷ በኋላ በዳበሳ መድረስ ነበረባት።

ከሁሉ የማልረሳው በየብስ የተደረገውን ልምምድ ነው። አሠልጣኙ መሪ ገመድ ከዛፍ ዛፍ እያዞረ ወጠረ። ሠልጣኞቹ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ገመዱን በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት ቀለበት ሠርተው ይዘው፣ በገመዱ ላይ የተሰኩትን ቀስቶች እየዳበሱ መውጫውን መፈለግ ነበረባቸው። ቀስቱ ሁልጊዜ የሚያመለክተው ወደ መውጫ ነው። አንደኛው እጁን ከገመዱ ሲያላቅቅ አሠልጣኙ ምንም ሳይጮህ ወደ መጀመሪያው ዛፍ መለሰው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የምንለውን እነሱ በሥራ ያደርጉታል።

ሲሶ፣ ሲሶ፣ ሲሶ

ዋናው ሕግ የአየር ሕግ ነው። አየሩ ሦስት ቦታ ይከፈላል፤ ሲሶው መግቢያ፣ ሲሶው መውጫ፣ ሲሶው የማይነካ። ልጄ በእያንዳንዱ ሲሊንደር 180 ባር ይዛ ከገባች፣ ከእያንዳንዱ 60 እንደተጠቀመች የትም ትሁን የት ትመለሳለች። ሁለቱ ሲሊንደሮች እርስ በርስ አይገናኙም፤ እያንዳንዱ የራሱ መተንፈሻና የራሱ የግፊት ጌጅ አለው። ስለዚህ እየቀያየረች እኩል ትፈጃለች። በጣም ሩቅ ቦታ ላይ አንደኛው ቢበላሽ፣ በሌላው የቀረው 120 ባር ያወጣታል። ስትገባ የፈጀችው 60 እና 60 በድምሩ ያው 120 ነውና። የፈራ ሰው አብዝቶ ስለሚተነፍስ ግን ጠንቃቆቹ ሲሶው ሳይሞላ ይመለሳሉ።

ይህን በስልክ ለእናቴ ስናስረዳት ቀድማን ገባት። የነጋሽ፣ የቀዳሽና የአራሽ ሲሶ ሲባል እየሰማች ያደገች ናት። «ታዲያ ሦስተኛው ሲሶ የማን ነው?» አለቻት።

«የጓደኛዬ ነው፣ እማማ። እሱ አየር ሙሉ በሙሉ ቢያጣ ሁለታችን የምንወጣበት ነው።»

እናቴ ትንሽ ዝም ብላ «እሱስ የአንቺን ይዟል?» ብላ ጠየቀች። ከዚያ በኋላ አብሯት የሚጠልቀው ማን እንደሆነ ሳትጠይቅ ስልክ አትዘጋም።

ስጋቴ በዚህ ሁሉ አልጠፋም። ሲሊንደርን በጎን መያዝ ጠባብ ቦታ ያሳልፋል፤ ጠባብ ቦታ ማሳለፉ ራሱ ደግሞ ፈተና ነው። ጓደኛ ተከትሎ ሊገባ በማይችልበት ስንጥቅ ውስጥ የጓደኛ ሲሶ አይጠቅምም። የዋሻ ጠለቃን ደህንነት በማስተማር ስሙ የሚጠራው አሜሪካዊው ሸክ ኤክስሊ፣ የሌሎችን አሟሟት መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1979 መመሪያ መጽሐፍ ያሳተመው ሰው፣ እሱ ራሱ በ1994 ሜክሲኮ ውስጥ ዛካቶን በተባለ ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ ውስጥ ሞተ። ይህን ለልጄ ነገርኳት። ታውቀዋለች፤ ትምህርታቸው ውስጥ አለ።

በአራተኛው ቀን ዋሻው ደጃፍ፣ የፀሐይ ብርሃን ከዓይን ሳይጠፋ ሊገቡ ነበር። እኔ ከላይ አረፋቸውን እያየሁ ተቀመጥኩ። 12 ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ሁሉም ተመልሰው ወጡ። ከያዘቻቸው ሦስት መብራቶች አንዱ፣ መጠባበቂያው፣ አልበራ ብሏት አውራ ጣቷን ወደ ላይ አንሥታ ነበር። ያ ምልክት «አበቃ፣ እንውጣ» ማለት ነው። ማንም በማንኛውም ምክንያት ሊያሳየው ይችላል፤ ለምን ተብሎ አይጠየቅም፤ የሚከራከርም የለም። ለዚያ ቀን ከሥራ ፈቃድ ወስዳለች፣ ገንዘብ ከፍላለች፣ እናቷም ከላይ ተቀምጣለች። እያለቀሰች ትወጣለች ብዬ ስጠብቅ «ነገ ባትሪ ቀይሬ እመለሳለሁ፣ እማዬ» አለችኝ። ተዪው ልላት አስቤ የነበረውን ያን ቀን አልተናገርኩም። ከገቡበት መመለስ የምትችል መሆኗን አይቻለሁ።

ምን እንጠይቃቸው?

ትልቅ ሰው የሆነን ልጅ መከልከል አንችልም፤ በትክክል መጠየቅ ግን እንችላለን።

ለዚህ ለምታደርገው ጠለቃ በልኩ ሠልጥነሃል ወይ? የተራ ስኩባ ምስክር ወረቀት ዋሻ አያስገባም። አብዛኞቹ አሠልጣኝ ድርጅቶች ለቴክኒካል ሥልጠና ቢያንስ 18 ዓመት ይጠይቃሉ።

የጤና ቅጹን በእውነት ሞልተሃል ወይ? አስም፣ የልብ ሕመምና የሚጥል በሽታ የሚደበቁ አይደሉም። በቤተሰብ ያለውን የልብ ሕመም ለልጆቻችን መንገር ደግሞ የእኛ ድርሻ ነው።

በስንት ሰዓት ከውሃ እንደምትወጣ የሚያውቅ ሰው ላይ አለ ወይ? ለአደጋ ጊዜ ሕክምና የሚሆን መድንስ አለህ?

መቼ ነው የምትበረው? ይህኛው እኛን በተለይ ይመለከታል። ደጋግሞ የጠለቀ ሰው አውሮፕላን ከመሳፈሩ በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት ይጠብቅ ይባላል። በየደረጃው እየቆመ የወጣ ከሆነ ከዚያም በጣም ይበልጣል። አውሮፕላን ውስጥ ያለው የአየር ግፊት 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለው ጋር ሊስተካከል ይችላል። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ለጠላቂ ሰውነት ቦሌ ማረፍ ከአውሮፕላን እንደ መውረድ አይደለም።

ልጄ ለገና ትመጣለች። በመጨረሻው ጠለቃዋና በበረራዋ መካከል ሁለት ሙሉ ቀን እንዲኖር ተስማምተናል። ቀኑን በጣቷ ቆጥራ ያስታወሰችን እናቴ ናት።