«ስትወልጂ ይተውሻል»

«የወር አበባ የማያማት ሴት አለች እንዴ?» «ስታገቢ ይለቅሻል።» «ስትወልጂ ይተውሻል።» ኢንዶሜትሪዮሲስ ያለባት ሴት ከመድኃኒት በፊት የሚሰጣት ምክር ይሄ ነው። እኔም የበሽታውን ስም እስካውቅ ድረስ ለዓመታት ስሰማው ኖሬያለሁ።

ኢንዶሜትሪዮሲስ ማለት የማህፀንን የውስጥ ሽፋን የሚመስል ሕብረ ሕዋስ ከማህፀን ውጭ ሲያድግ ነው። ያደገበትን ቦታ ያስቆጣል፣ ጠባሳም ይፈጥራል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በመውለጃ ዕድሜ ላይ ካሉ ሴቶችና ልጃገረዶች 10 በመቶ ያህሉ፣ ማለትም 190 ሚሊዮን ገደማ የሚሆኑት ይህ በሽታ አለባቸው። በአልትራሳውንድ ሁልጊዜ ስለማይታይ ግን «ምንም የለብሽም» ተብላ ወደ ቤቷ የምትመለሰው ብዙ ናት።

ለእኔ ከቁርጠቱ በላይ የከበደኝ ይሄ «ምንም የለብሽም» ነው። ሰው ደጋግሞ ሳያምንሽ ሲቀር ራስሽን መጠራጠር ትጀምሪያለሽ፤ «እያካበድኩ ይሆን እንዴ?» ትያለሽ። ቀኑ ሲቃረብ ፍርሃቱ ቀድሞ ይመጣል። የጓደኛሽ ሠርግ ላይ እገኛለሁ ብሎ ቃል መግባት ራሱ ያስጨንቃል። ከሥራ መቅረቱ አለ፣ በግንኙነት ጊዜ የሚሰማው ሕመም አለ፣ «መውለድ እችል ይሆን?» የሚለው ሐሳብ አለ። ይሄን ሁሉ «ሆድ ይፍጀው» ብላ የያዘች ሴት ድብርትና ጭንቀት ቢይዛት ምን ይገርማል?

አንድ ነገር ግን እንለይ። የሥነ ልቦና ባለሙያ ማማከር ሕመሙ የሐሳብ ነው ማለት አይደለም። አካልም ይታከማል፣ ስሜትም ይታከማል፤ አንዱ የሌላውን ቦታ አይተካም። በሽታውን ከሥሩ የሚነቅል መድኃኒት እስካሁን ባይገኝም ማስታገሻ፣ የሆርሞን መድኃኒትና ቀዶ ሕክምና ብዙዎችን ያግዛሉ።

ስልክሽ እጅሽ ላይ ነው አይደል? ሕመሙ የጀመረበትን ቀን፣ ከ10 ስንት እንደሆነ፣ ከምን እንዳስቀረሽና የዚያን ቀን ስሜትሽን ጻፊበት። የማህፀን ሐኪም ዘንድ ስትቀርቢ «በጣም ያመኛል» ከማለት «በ3 ወር ውስጥ 6 ቀን ከሥራ ቀርቻለሁ» ማለት ይበልጥ ያስረዳልሻል። «መኖር አስጠላኝ» የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ ዛሬውኑ ለምታምኚው ሰው ንገሪና ሐኪም ቤት ሂጂ።

እናትም ሁኑ ወንድም፣ ጓደኛም ሁኑ ፍቅረኛ፣ ከእናንተ የሚጠበቀው ብዙ አይደለም። «አምንሻለሁ። ሐኪም ቤት አብሬሽ ልሂድ?» በሏት።