ጎተራው ሞልቶ ሕፃኑ ለምን ይቀነጭራል?

በብዙ የገጠር ቀበሌዎች አዝመራው ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላም ቁመታቸው ከዕድሜያቸው ወደ ኋላ የቀረ ሕፃናት ይታያሉ። ወላጅ «ዘራችን አጭር ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ ጎረቤትም ልጁ እስከ ተጫወተ ድረስ ጤነኛ ነው ይላል። ነገር ግን የመቀንጨር ዋና ምክንያት በእርግዝናና በጨቅላነት ዘመን የሚደርስ የምግብ ጉድለትና የሚመላለስ ሕመም ነው።

በአገር አቀፍ ጥናቶች መሠረት ከአምስት ዓመት በታች ከሚገኙ 100 ሕፃናት ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2000 58ቱ፣ በ2019 ደግሞ 37ቱ የቀነጨሩ ነበሩ። መሻሻሉ ከፍተኛ ነው። የቀረውም ሸክም ቀላል አይደለም። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የወጣው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት በታች በሆኑ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስወገድ ያቀደውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የሁለት ዓመቱ ገደብ ያለ ምክንያት አልተመረጠም። ከፅንስ ጀምሮ እስከ ሁለተኛው የልደት ቀን ባሉት 1,000 ቀናት ውስጥ የጎደለው ዕድገትና የአእምሮ ብስለት በኋላ ቢመገቡም በአብዛኛው አይመለስም።

ጉድለቱ ከየት ይመጣል?

ጎተራ ውስጥ ያለው እህል ብቻውን ሕፃን አያሳድግም። እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ወተት ብቻውን ይበቃል፤ ውኃም ቢሆን አያስፈልግም። ከስድስት ወር በኋላ ግን ጡቱ ሳይቋረጥ ተጨማሪ ምግብ መጀመር አለበት። በብዙ ቤት የሚሰጠው ቀጭን አጥሚት ሆድ ይሞላል እንጂ አይገነባም። ገንፎው ወፈር ያለ ሆኖ፣ በሦስት እጅ እህል ላይ አንድ እጅ ባቄላ፣ አተር ወይም ሽምብራ ተጨምሮ ቢፈጭ፣ ጥቂት ዘይት ወይም ቅቤ፣ እንቁላልና አረንጓዴ ቅጠል ቢገባበት የተሻለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአገራችን የተዘጋጀው ፋፋም የተመሠረተው እህልን ከጥራጥሬና ከወተት ዱቄት ጋር በማዋሐድ ላይ ነው።

እንቁላሉ ለጨውና ለቡና መግዣ ገበያ ይወጣል። በጾም ወራትም እናቶች ድስቱ እንዳይነካካ በመስጋት ለሕፃኑ ወተትና እንቁላል ማብሰል ይተዋሉ። ሕፃናት ጾም አይገደዱም፤ ለልጁ አንድ ድስትና አንድ ማንኪያ ለብቻ መለየት ችግሩን ያቃልላል። የንስሐ አባቶች ይህን ቢያስረዱ ቃላቸው ይሰማል።

በጤና ኬላው ምን ይገኛል?

እ.ኤ.አ. በ2003 በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሠራተኞች እንዲመደቡ ተደርጓል። ሠራተኞቹ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያሉ ሕፃናትን በክንድ መለኪያ ይመረምራሉ። የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሳንቲ ሜትር ካነሰ፣ ወይም ሁለቱም እግሮች አብጠው በጣት ሲጫኑ ከሰረጎዱ ሕፃኑ ለሕይወቱ የሚያሰጋ ችግር ላይ ነው። የምግብ ፍላጎቱ ካልጠፋና ሌላ ከባድ ሕመም ከሌለበት በፕላምፒናት ቤቱ ሆኖ ይታከማል፤ ካለበት ወደ ጤና ጣቢያ ይላካል። ፕላምፒናቱ የሕፃኑ መድኃኒት ስለ ሆነ ከወንድምና እኅት ጋር ከተካፈለው አይድንም፤ ቢሸጥማ የባሰ ጉዳት ነው። በየስድስት ወሩ የሚሰጠው ቫይታሚን ኤም ሊቀር አይገባም። ነፍሰ ጡሮች ደግሞ የደም ማነስ መከላከያ እንክብል ያገኛሉ።

ከመሪዎች ምን ይጠበቃል?

አንደኛ፣ የምርመራው ቀን ከገበያና ከደቦ ቀን ጋር እንዳይጋጭ አስቀድሞ መወሰን። በተለይ እህል በሚያልቅበት በክረምቱ ወራት የሚደረገው ምርመራ ሊተላለፍ አይገባም።

ሁለተኛ፣ ያልመጡትን ቤቶች ለይቶ ማወቅ። ብዙውን ጊዜ ወደ ኋላ የሚቀሩት ከመንገድ የራቁት፣ ባል የሌላቸው እናቶችና እጅግ ድሆች ናቸው። ልጃቸው የታመመባትን እናት እርሻ ጎረቤት በወንፈል ቢያርምላት ሕፃኑን ይዛ ለመሄድ ጊዜ ታገኛለች።

ሦስተኛ፣ ነገሩን ለሴቶች ብቻ አለመተው። ነፍሰ ጡር በቀን አንድ፣ አጥቢ እናት ሁለት ተጨማሪ ገበታ እንደሚያስፈልጋት፣ ከባድ እንስራና እንጨት መሸከም እንደሚጎዳት ለአባወራዎች በስብሰባ ሊነገር ይገባል።

አራተኛ፣ ምንጩን ማጎልበትና መጸዳጃ ቤት ማስቆፈር። ተቅማጥ የሚመላለስበት ሕፃን የበላው አይረጋለትም።

ማኅበሩ የማዳበሪያ ዕዳንና የመንገድ ሥራን በመዝገብ ይይዛል። በዚሁ መዝገብ ላይ ከሁለት ዓመት በታች ያሉትን ሕፃናት ስም ጽፎ፣ ማን እንደተለካና ማን እንደቀረ በየስብሰባው ቢጠይቅ ወጪው የእርሳስ ያህል ነው። የዘንድሮ አዝመራ ቢከሽፍ ለከርሞ ይዘራል፤ ያለፈ ሕፃንነት ግን ዳግም አይመጣም።