ዲግሪውስ ተያዘ፤ ሥራው የት ነው?

በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ማስተማር ሲጀምር፣ ከዚያ የሚወጣ ሰው ሥራ ፍለጋ የሚባል ጭንቀት አያውቅም ነበር። ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቱም ባንኩም ይጠብቁታል። በደርግ ዘመንም ተመራቂ ማለት ምድቡን የሚጠባበቅ ሰው ነበር። ምድቡ ጋምቤላ ሊሆን ይችላል፣ ኦጋዴን ሊሆን ይችላል፤ ደመወዙ ግን የታወቀ ነው። ዛሬም ብዙ ወላጅ ከአፉ ነጥቆ ልጁን የሚያስተምረው በዚያ ዘመን እምነት ነው፤ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ከገባ ያልፍልኛል ብሎ።

ያ ውል ፈርሷል። ፈርሷል ብሎ ለወላጆች በግልጽ የነገረ ግን የለም።

ከ1983 ዓ.ም. የሥርዓት ለውጥ በኋላ መንግሥት ተመራቂን ሁሉ መመደቡን ተወ። መምህራንና የጤና ባለሙያዎች ለተጨማሪ ዓመታት በምድብ ሲቀጠሩ ቆዩ፤ በቅርብ ዓመታት ግን ጠቅላላ ሐኪም እንኳ «በጀት የለም» እየተባለ ቤቱ መቀመጥ ጀመረ። ይህ ልብ ሊባል ይገባዋል። የገጠር ጤና ጣቢያና ሆስፒታል በባለሙያ እጥረት እየተቸገረ፣ ሀገሪቱ ብዙ ገንዘብ አፍስሳ ያስተማረችው ሐኪም ሥራ ፈት የሚሆነው ችሎታው ስላልተፈለገ አይደለም። የሚቀጥረው መሥሪያ ቤት ደመወዙን መክፈል ስላቃተው ነው።

መንግሥት ምድብን ሲተው የተመራቂውን ቁጥር ግን እያበዛ ሄደ። ደርግ ሲወድቅ በዛሬዋ ኢትዮጵያ የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች ሁለት ብቻ ነበሩ፤ የአዲስ አበባና የአለማያ። ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 በላይ ናቸው፤ የግል ኮሌጆች ሲጨመሩ ቁጥሩ እጅግ ይበዛል። በዚህ መስፋፋት ብዙ በጎ ነገር ተገኝቷል። ቀድሞ የከፍተኛ ትምህርት ደጃፍ ያልደረሰ አካባቢ ልጆች ዛሬ በዲግሪ ይመረቃሉ። ይሁንና የመማሪያ ክፍል መሥራትና የሥራ ቦታ መፍጠር እኩል አልተራመዱም።

በ2001 ዓ.ም. የተጀመረው የ70/30 ምደባ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ከተማሪው 70 በመቶው ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲማር ተወሰነ። ሐሳቡ ሀገሪቱ በፋብሪካ ልታድግ ነውና መሐንዲስ ያስፈልጋታል የሚል ነበር። ፋብሪካው ግን በታሰበው ልክ አልመጣም፤ የማኑፋክቸሪንግ ዘርፍ ከጠቅላላው የሀገር ውስጥ ምርት 10 በመቶ እንኳ መድረስ አልቻለም። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሺዎች የሚቆጠር ሠራተኛ ቢቀጥርም፣ በብዛት የፈለገው ልብስ ሰፊ ነው። ለዚያ ዲግሪ አያስፈልግም። መሐንዲሶቹን ለተወሰኑ ዓመታት የተሸከማቸው የኮንዶሚኒየም፣ የመንገድና የግድብ ግንባታ ነበር። የውጭ ምንዛሪ እጥረቱ ጠንቶ ፕሮጀክቶች ሲቀዘቅዙ ግን የሲቪል ምሕንድስና ተመራቂ የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ከተሰለፉት መካከል ተገኘ።

የኮብልስቶኑ ክርክር የተነሣውም በ70/30 ምደባ ዓመታት ነው። ባለዲግሪዎች ተደራጅተው ድንጋይ ሲጠርቡና መንገድ ሲያነጥፉ ባለሥልጣናት አርአያ አድርገው አነሷቸው፤ ወላጆች ግን አዘኑ። በላብ ማደር የሚያስነውር አይደለም። የወላጆቹ ሐዘን ግን ትክክል ነበር። ድንጋይ ለመጥረብ አጭር ሥልጠና የሚበቃ ከሆነ፣ በዩኒቨርሲቲ ያለፉት ዓመታት የማን ኪሳራ ናቸው?

በሌላ በኩል «ተመራቂው ራሱ አያውቅም» የሚል ወቀሳ አለ፤ ሙሉ በሙሉ የሚጣል አይደለም። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በሀገር አቀፍ ደረጃ የመውጫ ፈተና ሲሰጥ፣ ከተፈተኑት 150,184 ተማሪዎች ያለፉት 61,054 ነበሩ፤ 40.65 በመቶ ማለት ነው። ከመንግሥት ተቋማት 62.37 በመቶ ሲያልፉ፣ ከግል ተቋማት ያለፉት 17.2 በመቶ ብቻ ናቸው። ለግል ኮሌጅ ከኪሱ እየከፈለ ላስተማረ ቤተሰብ ይህ መርዶ ነው። ጥፋቱን በተማሪው ላይ ብቻ መጣል ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ያለ በቂ መምህርና ያለ ቤተ ሙከራ ያስተማረው፣ እያየ ፈቃድ የሰጠውም ተጠያቂ ነው።

ታዲያ ዲግሪ ዋጋ የለውም ማለት ነው? አይደለም። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ተግባራዊ በሆነው የመንግሥት ሠራተኞች የደመወዝ ማሻሻያ ዝቅተኛው ደመወዝ 6,000 ብር ሲሆን፣ የባለዲግሪ መነሻ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። የዝቅተኛው ደመወዝ እጥፍ ለመሆን ጥቂት ነው የቀረው። ከዓለም ባንክ የወጣ ሰፊ የንጽጽር ጥናትም ከሰሃራ በታች ባሉ ሀገሮች አንድ ተጨማሪ የከፍተኛ ትምህርት ዓመት ገቢን በአማካይ ከ20 በመቶ በላይ እንደሚያሳድግ አሳይቷል። ግን ይህ ሁሉ ሥራ ያገኘ ሰው ስሌት ነው። ዲግሪ የሚከፍለው ወረፋውን ጨርሶ ለገባ ነው፤ ወረፋውን የሚችለው ደግሞ እስኪደርሰው ድረስ የሚያበላው ቤተሰብ ያለው ነው።

ወረፋውን በዓይን ማየት የፈለገ አዲስ አበባ አራት ኪሎ፣ የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳዎቹ ጋ ይቁም። ወጣቶች አንጋጠው ወረቀት በወረቀት ያነባሉ፤ አንዱ በስልኩ ፎቶ ያነሣል፣ አንዱ ስልክ ቁጥር ይጽፋል። ጋዜጣ መግዛት የከበደው ተከራይቶ፣ ጥግ ይዞ ያገላብጣል። ማስታወቂያዎቹ የሚዘጉት በተመሳሳይ ቃል ነው፤ አመልካቾች የትምህርት ማስረጃቸውን ዋናውንና የማይመለስ ፎቶ ኮፒ ይዘው በአካል ቀርበው እንዲመዘገቡ። በአካል ለመቅረብ የታክሲ ገንዘብ ያስፈልጋል። ከክፍለ ሀገር ለመጣው ማደሪያም ይጨመርበታል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተመራቂ ደግሞ የወጪ መጋራት ዕዳውን ካልከፈለ ዋናው ዲግሪ አይሰጠውም፤ ዕዳውን የሚከፍለው ከደመወዙ እየተቆረጠ ነውና፣ ጊዜያዊውን ይዞ ይዞራል። ከሁሉ የሚብሰው ግን «የሥራ ልምድ፦ 2 ዓመት» የምትለው መስመር ናት። «ዜሮ ዓመት» የሚል ማስታወቂያ፣ በተለይ ከባንክ ከወጣ፣ የአመልካቹ ብዛት ለጉድ ነው።

ይህ ወረፋ ሊያጥር እንደሚችል የሚያሳይ ማስረጃ አለ። ኢኮኖሚስቶቹ ግሩም አበበ፣ ስቴፋኖ ካሪያና ባልደረቦቻቸው በአዲስ አበባ ቢያንስ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በጨረሱ ወጣት ሥራ ፈላጊዎች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ለአንዱ ቡድን የትራንስፖርት ድጎማ ተሰጠ፤ ሌላው ቡድን ሲቪ አዘገጃጀትና የቃለ መጠይቅ ዝግጅት ሠልጥኖ፣ ችሎታው ተፈትኖ የምስክር ወረቀት ያዘ። ሁለቱም ቡድኖች ምንም ድጋፍ ካላገኙት በተሻለ መደበኛ ሥራ አገኙ። ከአራት ዓመት በኋላ የሠለጠኑት ገቢ በ20 በመቶ ገደማ በልጦ ተገኘ። የሚገርመው የድጋፉ ወጪ ትንሽነት ነው። እነዚህ ልጆች ችሎታ ነበራቸው፤ የጎደላቸው ችሎታቸውን ለቀጣሪ የሚያሳዩበት መንገድ ነበር።

እርግጥ ሲቪ ፋብሪካ አይከፍትም። በየዓመቱ 2 ሚሊዮን ገደማ ወጣት ወደ ሥራ ገበያ በሚገባበት ሀገር፣ ቀጣሪ ድርጅት ካልበዛ አንዱ በሥልጠና ወረፋውን ሲቀድም ሌላው ወደ ኋላ ይገፋል። ዋናው ሥራ የኢኮኖሚው ነው፤ እሱም የዓመታት ሥራ ነው።

እስከዚያው ግን ነገ ጠዋት ሊጀመር የሚችል ነገር አለ። ዩኒቨርሲቲዎች ተመራቂዎቻቸው የት እንደደረሱ የሚከታተሉ ጥናቶች ያካሂዳሉ፤ ውጤቱ ግን ተማሪው ዲፓርትመንት በሚመርጥበት ቀን እጁ ላይ የለም። እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲና ኮሌጅ በየዲፓርትመንቱ ስንት ተማሪ እንዳስመረቀ፣ ስንቱ ሥራ እንዳገኘና በስንት ወር እንዳገኘ በየዓመቱ በይፋ ይለጥፍ። ትምህርት ሚኒስቴርም ይህን ግዴታ ያድርገው። ወላጆችም ልጃቸውን ከማስመዝገባቸው በፊት ቁጥሩን ይጠይቁ፤ መልስ የማይሰጥ ኮሌጅ ገንዘባቸውን ሊቀበል አይገባውም።