ያውቁ ኖሯል? ሼክስፒር በእኛ ነገሥታት ዘመን፣ በእኛም ቋንቋ

• እንግሊዛዊው ጸሐፌ ተውኔት ዊልያም ሼክስፒር በ1564 እ.ኤ.አ. ሲወለድ በኢትዮጵያ የነገሡት ዐፄ ሠርፀ ድንግል ነበሩ። በ1616 ሲሞት ደግሞ ዘመኑ የዐፄ ሱስንዮስ ነበር። የጎንደር ከተማ የተቆረቆረችው ከዚያ 20 ዓመት ያህል ቆይታ ነው።

• ተውኔቶቹ ይታዩበት የነበረው የለንደኑ ግሎብ ቲያትር ቤት ጣሪያው የሣር ክዳን ነበር። በ1613 «ሄንሪ 8ኛ» በመታየት ላይ ሳለ ለትዕይንቱ ከተተኮሰ መድፍ የፈነጠቀ እሳት ክዳኑን አያያዘው፤ ቤቱም ወደመ። በዓመቱ እንደገና ተሠራ።

• 36 ተውኔቶቹ በአንድ ጥራዝ የታተሙት በ1623 ነው። ግማሽ ያህሉ ከዚያ በፊት ታትመው አያውቁም፤ «ማክቤዝ» አንዱ ነው። ጥራዙን ያሰናዱት የሙያ ባልደረቦቹ የነበሩ ሁለት ተዋንያን ናቸው።

• ከበደ ሚካኤል «ሮሜዎና ዡልዬት»ን፣ ሎሬት ፀጋዬ ገብረ መድኅን ደግሞ «ኦቴሎ»ን፣ «ሐምሌት»ንና «ማክቤዝ»ን ወደ አማርኛ መልሰዋል። ሼክስፒርን በአማርኛ ማንበብ ለሚሻ ተማሪ ከእነዚህ የተሻለ መነሻ የለም።