በፉከራ ድምፅ የሚወርድ እንጉርጉሮ፦ ከኢሞ ሙዚቃ ጋር ትውውቅ

ኢሞ ሲባል ብዙ ሰው የሚያውቀው መልኩን ነው፤ ፀጉሩን አንድ ዐይኑ ላይ የደፋ፣ ጥቁር ጥብቅ ሱሪ ያጠለቀ፣ ወንድ ሆኖ የተኳለ ጎረምሳ። ዘፈኑን ጆሮ ሰጥቶ የሰማው ግን ጥቂት ነው። የአርሲዋ ሮቤ ያለ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ስልኩን ከፍቶ ከዩቱብ ወደ ቲክቶክ ሲል፣ ከዚህ ሙዚቃ ቅርንጫፎች አንዱ ጆሮው መግባቱ አይቀርም። ተራ የእንግሊዝኛ ራፕ መስሎት የሚደጋግመው የኀዘን ዘፈን የኢሞ የልጅ ልጅ ሊሆን ይችላል። ወላጅም መምህርም ስለ ፀጉሩ ከመቆጣታቸው በፊት ሙዚቃው ምን እንደሆነ ቢያውቁ አይከፋም። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ምን ዓይነት ሙዚቃ ነው?

በእኛ አገር የጀግናው ዜማና የተካዡ ዜማ ቦታቸው ለየቅል ነው። ቀረርቶና ፉከራ በአደባባይ፣ ሰው ተሰብስቦ ባለበት፣ ደረት ተነፍቶ ይወጣል። እንጉርጉሮ ወፍጮ ላይ፣ እርሻ ላይ፣ መንገድ ላይ፣ ሰው ብቻውን ሲሆን ይወርዳል። ኢሞ እነዚህን ሁለቱን አንድ መድረክ ላይ ያወጣ ሙዚቃ ነው። ከበሮውና ጊታሩ የፉከራ ነው፤ ቃሉ የእንጉርጉሮ። ዘፋኙ ጉሮሮው እስኪነቃ የሚጮኸው በጠላት ላይ አይደለም፤ ስለተለየችው ልጅ፣ ስለፈረሰ ጓደኝነት፣ ስለ አባቱ፣ በገዛ ራሱ ስለማፈሩ ነው። የከበቡት አድማጮችም ቃሉን ከእሱ ጋር እየጮኹ ይቀበሉታል።

የአርሲ ሰው ይህን ቅልቅል ለመረዳት አይቸገርም። ጌራርሳ በኦሮሞ ባህል ጀግና ገድሉን የሚቆጥርበት ዜማ ነው፤ ነገር ግን ድኻው ድህነቱን፣ እስረኛው እስሩን፣ ወገን ያጣው ብቸኝነቱን በዚያው በኩሩ ድምፅ ሲያወጣበት ኖሯል። ልዩነቱ ጌራርሳ የሚወርደው ብዙ ካየ ሰው አፍ መሆኑ ነው። ኢሞ ያንን ሥልጣን ለአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሰጠ፤ ገና ምንም ያልሠራ፣ የሚቆጥረው ገድል የሌለው ልጅ ስሜቱ ብቻውን ለዘፈን ይበቃል አለ።

ሥሩ በሻሸመኔ በኩል ያልፋል

የኢሞ የትውልድ ከተማ ዋሽንግተን ዲሲ ናት። በ1970ዎቹ መጨረሻ እዚያ ባድ ብሬይንስ የሚባል የአራት ጥቁር አሜሪካውያን ባንድ ተነሣ። ጃዝ ፊውዥን ይጫወቱ የነበሩት ወጣቶች ወደ ፐንክ ሮክ ዞሩና እጅግ አፈጠኑት። አብዛኛው ዘፈን ከአንድ ወይም ከሁለት ደቂቃ አያልፍም፤ ከበሮው ይጋልባል፣ ጊታሩ ይነድዳል። ይህ ስልት ሃርድኮር ተባለ። የባንዱ አባላት ከዚያው ዘመን ጀምረው የራስ ተፈሪ እምነት ተከታዮች ሆኑ፤ በአንድ መድረክ ላይ ሃርድኮርና ሬጌ እያፈራረቁ ይጫወቱ ነበር። በ1982 የወጣው የመጀመሪያ አልበማቸው ሽፋን በአረንጓዴ፣ በቢጫና በቀይ ተሥሎ፣ መብረቅ የአሜሪካን ምክር ቤት ጉልላት ሲመታ ያሳያል።

እነዚህ ቀለሞች ከየት እንደተነሡ ለኢትዮጵያዊ አይነገርም። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በውጭ ለሚኖሩ ጥቁሮች አምስት ጋሻ መሬት የሰጡባት፣ ራስ ተፈሪያን እንደ ተስፋይቱ ምድር የሚያዩዋት ሻሸመኔ ዛሬ የምዕራብ አርሲ ዞን ከተማ ናት። ሮቤ ላይ ባዕድ የሚመስለው ጩኸት አንደኛው አያቱ ወደ አርሲ ምድር በተስፋ ሲመለከት የኖረ ሰው ነው ማለት ነው።

ከባድ ብሬይንስ ሥር የዋሽንግተን ነጭ ተማሪዎች በቀሉ። ቲን አይድልስ የሚባለው የልጆች ባንድ በ1980 ሲበተን፣ ከዝግጅቶች ያጠራቀመውን ጥቂት መቶ ዶላር ለአባላቱ ከማከፋፈል ይልቅ ሸክላ አሳተመበት። ኢያን ማካይና ጄፍ ኔልሰን ዲስኮርድ የተባለውን አሳታሚ ያቋቋሙት በዚህ ገንዘብ ነው። የሸክላውን ሽፋን በመቀስ እየቆረጡ፣ እያጠፉ፣ በሙጫ የሚለጥፉት ራሳቸው ነበሩ። መጠጥ ቤቶች ለአካለ መጠን ያልደረሱትን አናስገባም ሲሉ፣ መጠጥ እንዳይሸጥላቸው እጃቸው ላይ በጥቁር ቀለም ኤክስ ተጽፎ እንዲገቡ ተስማሙ። ማካይ ቀጥሎ ባቋቋመው ማይነር ትሬት ባንድ በ1981 ከመጠጥም ከአደንዛዥ ዕፅም መራቅን የሚሰብክ ዘፈን አወጣ፤ በዚያ መንገድ የሚኖሩ ወጣቶች ዛሬም በየአገሩ አሉ።

የ1985 በጋ

ሃርድኮር እየሰፋ ሲሄድ ዝግጅቱ የድብድብ ሜዳ ሆነ። ጡንቸኞቹ ከፊት ቆመው ሌላውን ይደበድባሉ፤ ሴቶችና ደካሞች ወደ ኋላ ይሸሻሉ። በዚህ የተሰላቹት የዋሽንግተን ወጣቶች በ1985 በጋ አዳዲስ ባንዶች ይዘው ወጡ፤ ዘመኑን የአብዮቱ በጋ አሉት። ከሁሉ የቀደመው ራይትስ ኦፍ ስፕሪንግ ነው። ዘፋኙ ጋይ ፒቾቶ የሃርድኮርን ፍጥነት ሳይለቅ ስለ ፖሊስና ስለ መንግሥት መጮኹን ትቶ ስለ ትዝታና ስለ ጠፋ ተስፋ መዝፈን ጀመረ። ተመልካች ቆሞ ያለቅስ ነበር። በዚያው ዓመት ዲስኮርድ ያሳተመው አልበማቸው የኢሞ የመጀመሪያ አልበም ተደርጎ ይቆጠራል።

ኢሞ የሚለው ስም «ስሜታዊ ሃርድኮር» ከሚለው የእንግሊዝኛ አጠራር ያጠረ ነው። ባንዶቹ አልወደዱትም፤ ማካይ መድረክ ላይ ቆሞ ተሳልቆበታል። ከዚያ ወዲህ ከመጡት የኢሞ ባንዶችም አብዛኞቹ «እኛ ኢሞ አይደለንም» ማለታቸው ልማድ ሆኗል።

በ1990ዎቹ ሙዚቃው ከዋሽንግተን ወጥቶ ሌላ ቦታ ሥር ሰደደ። የሲያትሉ ሰኒ ዴይ ሪል ኢስቴት በ1994 ባወጣው አልበም ፍጥነቱን ቀንሶ የዝምታና የጩኸት ጨዋታ አመጣ። ጊታሩ ነጠላ ነጠላ ድምፅ እያንጠባጠበ ይቆይና በድንገት ሁሉም መሣሪያ አንድ ላይ ይፈነዳል። ዘፋኙም ከሹክሹክታ ወደ እሪታ ይሻገራል። የኢሞ ዘፈን አድማጩን የሚይዘው በዚህ ነው፤ ሰውዬው ስሜቱን ሲያፍን ቆይቶ ሲያቅተው ይሰማል። በመካከለኛው ምዕራብ አሜሪካ ያሉት ደግሞ የጊታሩን ቅኝት ከተለመደው አውጥተው በስሱ የተጠላለፈ ዜማ ይሠሩ ጀመር። የኢሊኖይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ያቋቋሙት አሜሪካን ፉትቦል በ1999 አንድ አልበም አውጥቶ ወዲያው ተበተነ። ያኔ ብዙም ያላየው ሰው ከዓመታት በኋላ ፈልጎ አገኘው፤ በሽፋኑ ላይ ያለችው ተራ የእንጨት ቤት የአድናቂዎች መሳለሚያ ሆነች። ቤቷ እንዳትፈርስ የባንዱ አባላትና አሳታሚው ከሌሎች ጋር ሆነው በ2023 ገዟት።

መልኩ መቼ መጣ?

ከላይ በተነገረው ታሪክ ውስጥ ኩልም የተደፋ ፀጉርም የለም። መልኩ የመጣው ከ2000 ወዲህ ነው። ጂሚ ኢት ወርልድ በ2001፣ ቀጥሎም ፎል አውት ቦይና ማይ ኬሚካል ሮማንስ በቴሌቪዥን ገነኑ። የማይ ኬሚካል ሮማንስ ዘፋኝ ጄራርድ ዌይ ባንዱን ለማቋቋም የቆረጠው በኒው ዮርክ የመስከረም 2001ን ጥቃት በዐይኑ ካየ በኋላ ነው። የ2006 አልበማቸው በሞት አፋፍ ላይ ያለን የካንሰር ሕመምተኛ ታሪክ በሰልፍ ሙዚቃና በጥቁር የወታደር ልብስ ያቀርባል። በ2003 የተከፈተው ማይስፔስ ደግሞ ለታዳጊዎች የየራሳቸውን ፎቶ፣ የየራሳቸውን የዘፈን ምርጫ የሚለጥፉበት ግድግዳ ሰጣቸው። ካሜራውን ከላይ ይዞ ግማሽ ፊትን በፀጉር ሸፍኖ መነሣት፣ የባንድ ስም ያለበት ቲሸርት፣ በብረት የተለበጠ ቀበቶ፣ የሸራ ጫማ፣ ለወንዱም ለሴቱም ኩል የኢሞ ደንብ ልብስ ሆነ።

ልጆቹ በልብሱ ይተዋወቁበት ነበር፤ አንድ ክፍል ውስጥ ብቻውን የተቀመጠ ተማሪ ሌላውን ብቸኛ በቲሸርቱ ይለየዋል። ያው ልብስ ግን ለሚጠሏቸውም ምልክት ሆነ። በመጋቢት 2008 በሜክሲኮ ኬሬታሮ ከተማ በብዙ መቶ የሚቆጠሩ ወጣቶች አደባባይ ላይ ወጥተው ኢሞዎችን ደበደቡ፤ ጥላቻው ወደ ዋና ከተማዪቱም ዘለቀ። በዚያው ዓመት በብሪታንያ አንድ ዕለታዊ ጋዜጣ ሙዚቃውን ራስን ከማጥፋት ጋር አያይዞ ሲጽፍ፣ አድናቂዎቹ ለንደን ላይ ሰልፍ ወጡ። ከሁሉ የከፋው ኢራቅ ውስጥ ሆነ። በ2012 መጀመሪያ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ኢሞን የሰይጣን አምልኮ ብሎ መግለጫ ካወጣ በኋላ፣ ጥብቅ ልብስ የለበሱና ፀጉራቸውን ያሳደጉ ወጣቶች መገደላቸውን የሰብአዊ መብት ድርጅቶች ዘገቡ።

በሜክሲኮና በኢራቅ ያስቆጣው ነገር ተመሳሳይ ይመስላል፤ ወንድ ልጅ በአደባባይ ማዘኑ። እዚያ ኢሞን በጠላትነት ያዩት ብዙዎች የተናገሩት ስለ ኩሉና ስለ ፀጉሩ፣ ስለ «ሴታሴትነቱ» ነበር።

ይህ ማለት ሙዚቃው እንከን የለውም ማለት አይደለም። አሜሪካዊቷ ሐያሲ ጄሲካ ሆፐር በ2003 በጻፈችው የታወቀ ጽሑፍ ወንዶቹ ስለ ራሳቸው ቁስል ብቻ እንደሚዘፍኑ፣ ሴቷ ግን ስም የሌላት የበደል ምንጭ ሆና እንደቀረች አሳይታለች። የፓራሞር ባንድ ዘፋኝ ሄይሊ ዊሊያምስ ገና ታዳጊ ሳለች መድረኩን ስትይዝ ሚዛኑ ትንሽ ተነቃነቀ፤ የባንዱ የ2007 አልበም ዛሬ ድረስ የሴት ልጆች መግቢያ በር ነው።

ወደ እኛ ስልክ የደረሰው

ዛሬ በስልክ ከሚሰሙት የኢሞ ቅርንጫፎች አንዱ ኢሞ ራፕ ነው። ሊል ፒፕ የቀደሙትን የኢሞ ባንዶች የጊታር ዜማ ቆርጦ በራፕ ምት ላይ እያስቀመጠ አዜመበት፤ ጁስ ዎርልድ በ2018 ያንኑ ስሜት ወደ ታዋቂነት ጫፍ አደረሰው። ሁለቱም በ21 ዓመታቸው ሞቱ፤ ሊል ፒፕ በ2017፣ ጁስ ዎርልድ በ2019። የሁለቱም ሞት ምክንያት ከልክ ያለፈ መድኃኒት ነበር፤ ፌንታኒል፣ ኦክሲኮዶንና ኮዴይን የመሳሰሉት። ከሠላሳ ዓመት በላይ የሆነው ልዩነት እዚህ ላይ ይታያል። ዋሽንግተን ላይ የተነሡት ልጆች ከመጠጥ እንኳ መራቅን የሰበኩ ነበሩ፤ የመጨረሻዎቹ ሕመም ማስታገሻ ክኒኑን ዘፈን ውስጥ አስገቡት። ወላጅ ሊጠነቀቅ የሚገባው ከዚህ ላይ ነው። ልጁ የኀዘን ዘፈን መስማቱ በራሱ በሽታ አይደለም፤ ትዝታ እየሰማ ያደገ ቤተሰብ ይህን ያውቀዋል። ምግብ መተው፣ ጓደኛ መሸሽ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ክኒን መዋጥ፣ ስለ ሞት ማውራት ሲመጣ ግን ዘፈኑን ማጥፋት አይበቃም፤ ልጁን ቀርቦ ማናገር፣ ጤና ጣቢያም መውሰድ ይገባል።

በአገራችን ለዚህ ሙዚቃ የሚቀርበው የአዲስ አበባው ጃኖ ባንድ ነው። በ2012 በቢል ላዝዌል አዘጋጅነት ያወጡት «ኤርታሌ» አልበም ከባድ ጊታርና ከበሮ የኢትዮጵያን ቅኝት ሳይሰብር መሸከም እንደሚችል በተግባር አሳይቷል። ጀማሪ አድማጭ በዚህ ቅደም ተከተል ቢሄድ ይበጀዋል፦ ቁጣውን ለመረዳት ባድ ብሬይንስ፣ ቁጣው እንዴት ወደ ውስጥ እንደዞረ ለመስማት ራይትስ ኦፍ ስፕሪንግ፣ ለዜማው አሜሪካን ፉትቦል፣ ለድምቀቱ ማይ ኬሚካል ሮማንስና ፓራሞር፣ በመጨረሻም «ኤርታሌ»።

ከዚህ ሁሉ ሮቤ ላይ ሊቀዳ የሚገባው ፀጉር አቆራረጡ አይመስለኝም። ዲስኮርድን ያቋቋሙት ልጆች ዕድሜያቸው ከሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ብዙም አይርቅም፤ የነበራቸው ጥቂት መቶ ዶላር፣ መቀስና ሙጫ ነው። የእኛ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ሚኒ ሚዲያ አላቸው፤ ማይክራፎን፣ ድምፅ ማጉያ፣ ዕረፍት ሰዓት ላይ የተሰበሰበ አድማጭ። በአብዛኛው የሚነበብበት ማስታወቂያ፣ ጥቅስና የዓለም ቀን ማሳሰቢያ ነው። በሳምንት አንድ ዕረፍት ተማሪው በኦሮምኛም በአማርኛም የራሱን የልብ ነገር፣ በራሱ ስም፣ ሳይፎከርበት ሳይሣቅበት እንዲያነብ ቢፈቀድለት፣ ራይትስ ኦፍ ስፕሪንግ በ1985 የሠራው ሥራ ያለ ጊታር ተጀመረ ማለት ነው። ጌራርሳውን ከአያቱ የሰማ ልጅ ዜማውን ራሱ ይጨምርበታል።