ዳግም ለመፈተን ሲያቅዱ ከእንቅልፍዎ ይጀምሩ

ቡሬ ከተማ ውስጥ በአንድ ባንክ ቅርንጫፍ የሚሠራ ወጣት እናስብ። ቀኑን ሙሉ ገንዘብ ሲቆጥርና ደንበኛ ሲያስተናግድ ይውላል። የቢዝነስ አስተዳደር ሁለተኛ ዲግሪ (ኤም.ቢ.ኤ) ለመማር አስቦ የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተናውን ባለፈው ዙር ተፈትኗል፤ ነገር ግን በጥቂት ነጥቦች ሳያልፍ ቀርቷል። ውጤቱን ያየው ብቻውን ነው፤ ለቤተሰቡ «ገና አልተለቀቀም» ብሏል። በዚያው ምሽት «ከዛሬ ጀምሮ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት አጠናለሁ» ሲል ለራሱ ቃል ገባ። በሦስተኛው ሳምንት ራስ ምታት ጀመረው፤ በሥራ ቦታ ሂሳብ ይሳሳታል፤ ማታ ያነበበው ጠዋት ይጠፋበታል።

ይህ ወጣት ለምሳሌ ያህል ያነሳነው ቢሆንም እሱን የሚመስሉ ብዙ ናቸው። ፍኖተ ሰላም ላይ የሚያስተምረው መምህር፣ በወረዳ ጽሕፈት ቤት የምትሠራው ባለሙያ፣ በገጠር ቀበሌ ያለው የግብርና ሠራተኛ፣ የ12ኛ ክፍል ፈተናን በግል ዳግም ለመፈተን የሚዘጋጀው ልጅም በተመሳሳይ መንገድ ላይ ናቸው። እርስዎም ከእነዚህ አንዱ ከሆኑ የዛሬው ምክራችን አንድ ነው፤ የዳግም ፈተና ዕቅድ የሚጀምረው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከእንቅልፍና ከጤና ነው።

በመጀመሪያ ሐዘኑ ይውጣልዎ

ፈተና መውደቅ ያሳዝናል። ሐዘኑን መደበቅ ግን ሌላ ሸክም ይጨምራል። ለሚያምኑት አንድ ሰው፣ ለትዳር አጋርዎ፣ ለወንድም ለእህትዎ ወይም ለቅርብ ጓደኛዎ እውነቱን ይንገሩ። በዚህ መንገድ የሄዱት ብቻዎን እንዳልሆኑም ያስታውሱ። በ2016 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። በሌላው ዓለምም ለቢዝነስ ትምህርት ቤቶች የሚሰጠው ጂማት የተባለው ፈተና ዳግም የሚወሰድበት ደንብ ያለው፣ ዳግም መፈተን የተለመደ ስለሆነ ነው። ያ ደንብ በሁለት ፈተናዎች መካከል ቢያንስ 16 ቀን እንዲቆዩ ያስገድዳል።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ ውጤት በሰሙ ማግስት ወደ ጥናት አይሮጡ። አንድ ሳምንት ይረፉ። በእነዚያ ቀናት በደንብ ይተኙ፤ በእግርዎ ይንቀሳቀሱ፤ ከሰው ጋር ይጨዋወቱ።

የወደቁበትን ምክንያት ይለዩ

ሐኪም ሳይመረምር መድኃኒት አያዝም። እርስዎም በሁለተኛው ሳምንት ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው ራስዎን ይጠይቁ። ጥያቄውን ስለማላውቀው ነው የሳትኩት? እያወቅኩት ሰዓት አልቆብኝ ነው? በኮምፒውተር መፈተን አዲስ ሆኖብኝ ነው? ወይስ በዋዜማው ሳልተኛ አድሬ፣ ልቤ እየመታ፣ እጄ እያላበው ነው የተፈተንኩት?

የመጀመሪያው ምክንያት ጥናት ይፈልጋል። ሁለተኛው ሰዓት ይዞ መለማመድን፣ ሦስተኛው በኮምፒውተር ላይ እጅ ማፍታታትን ይጠይቃል። አራተኛው የጤና ጉዳይ ነው፤ አሥር መጽሐፍ ቢጨምሩበት አይድንም። ብዙ ሰው ግን ለአራቱም አንድ መድኃኒት ያዝዛል፤ እንቅልፍ ቀንሶ ብዙ ማንበብ።

እንቅልፍ የጥናቱ አካል ነው

አንድ አዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ የሰባት ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። አንጎል ቀን የተማረውን የሚያደላድለውና ለረዥም ጊዜ የሚያስቀምጠው በአብዛኛው በእንቅልፍ ጊዜ ነው። ስለዚህ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ያነበበ ሰው ማጥኛ ሰዓት ያገኘ ይመስለዋል እንጂ ያጠናውን የሚይዝበትን ጊዜ እየቀነሰ ነው።

ለሠራተኛ ሰው ይህ ዓይነቱ መርሐ ግብር ይስማማል። ከምሽቱ 4 ሰዓት ይተኙ፤ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይነሡ። ከ11:15 እስከ 12:45 ያጥኑ። ማታ አዲስ ነገር ሳይጀምሩ፣ የሳቷቸውን ጥያቄዎች ብቻ ለግማሽ ሰዓት ይከልሱ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከቤት ሥራ መልስ ሦስት ሰዓት መድበው ሙሉ የልምምድ ፈተና ይሥሩ። የማታውን ክለሳ ሳይጨምር፣ አምስት ጠዋትና አንድ እሑድ በሳምንት አሥር ሰዓት ተኩል ይሆናሉ፤ በአሥር ሳምንት ደግሞ 105 ሰዓት። ይህ ሁሉ አንድ ሌሊት እንኳ ሳይሰዋ የሚገኝ ነው።

ሲያጠኑ መጽሐፉን ደጋግሞ ከማንበብ ይልቅ ከድነው ራስዎን ይጠይቁ። ያጠኑትንም በማግስቱ፣ ከሦስት ቀን በኋላና ከሳምንት በኋላ ይመለሱበት። በአንድ ሌሊት ከተጨናነቀ ጥናት ይልቅ የተከፋፈለ ጥናት ይቆያል። በኮምፒውተር ሲለማመዱ በየ20 ደቂቃው ዓይንዎን አንሥተው ስድስት ሜትር ያህል ርቀት ላይ ያለ ነገር ለ20 ሰከንድ ይመልከቱ።

ቡና፣ ጫትና ምግብ

ቡና መጠጣት አይከለከልም፤ ሰዓቱ ግን ወሳኝ ነው። በቡና ውስጥ ያለው ካፌን የተባለው ንጥረ ነገር ግማሹ ከአምስት እስከ ስድስት ሰዓት በኋላም በሰውነት ውስጥ ይቆያል። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ከጎረቤት ጋር አቦል ቶናውን ጠጥተው፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እንቅልፍ እምቢ ቢልዎ አይገረሙ። በጥናት ወራት ቡናዎን ከእኩለ ቀን በፊት ያድርጉት።

ጫት ደግሞ ያነቃል ተብሎ በፈተና ሰሞን የሚጀምሩት አሉ። የሚሰጠው ንቃት ከእንቅልፍ የተበደረ ነው፤ ሲለቅ ድካምንና ድብርትን ያስከትላል፤ የልብ ምትንና የደም ግፊትንም ይጨምራል።

በፈተና ዕለት ባዶ ሆድ አይሂዱ። በሶ፣ ቆሎ፣ ሽሮ በእንጀራ፣ ሙዝ ቀላልና በቂ ናቸው። ፈተናው በጾም ወቅት ከዋለና እስከ ከሰዓት የሚጾሙ ከሆነ አስቀድመው ከንስሐ አባትዎ ጋር ይመካከሩ፤ የስኳር ሕመም ካለብዎ ደግሞ ከሐኪምዎም ጋር። የደም ግፊት ወይም ሌላ ቋሚ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች በጥናት ጥድፊያ ማቋረጥ የለባቸውም።

ወባን በዕቅድዎ ውስጥ ያስገቡ

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያው ያሉ ቆላና ወይና ደጋ ቀበሌዎች ወባ ያለባቸው ናቸው። ከክረምቱ መውጫ ጀምሮ እስከ ኅዳርና ታኅሣሥ በሽታው ይበረታል። ዝግጅትዎ በዚህ ወቅት ከሆነ አጎበር ሳይዘረጉ አይተኙ፤ አመሻሽ ላይ በር ላይ ተቀምጠው አያጥኑ። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ራስ ምታትና የመገጣጠሚያ ሕመም ሲሰማዎ «የጥናት ድካም ነው» ብለው አይለፉት። በዚያው ቀን ወደ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ሄደው ይመርመሩ፤ መድኃኒት ከታዘዘልዎም ሳያቋርጡ ይጨርሱ።

ቤተሰብ ምን ያድርግ?

የሚፈተነው ሰው እናት ወይም አባት ከሆነ ዕቅዱ የቤተሰብ መሆን አለበት። በተለይ ሴቶች ከሥራ መልስ እንጀራ ጋግረው፣ ልጅ አስተኝተው ነው መጽሐፍ የሚይዙት። ባልና ትልልቅ ልጆች በሳምንት ጥቂት ጠዋት የቤቱን ሥራ ቢይዙላት ከማንኛውም ማበረታቻ ይበልጣል። «ዘንድሮስ ታልፊያለሽ?» ከሚል ጥያቄ ይልቅ «በስንት ሰዓት እንቀስቅስሽ?» የሚለው ይረዳል።

የመጨረሻው ሳምንት

በመጨረሻዎቹ ሰባት ቀናት የጥናት ሰዓቱን ይቀንሱ፤ የእንቅልፍ ሰዓቱን ግን አይንኩ። የመፈተኛ ቦታዎ ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ከሆነ የመንገዱን ሁኔታ አስቀድመው አጣርተው ቢያንስ በዋዜማው ይግቡ። በፈተናው ዕለት ሌሊት ተነሥቶ፣ በመኪና ተንገላቶ በቀጥታ ወደ መፈተኛ ክፍል መግባት የወራት ልፋትን ያባክናል። መታወቂያና የምዝገባ ማስረጃዎን ማታውኑ ያዘጋጁ።

ትንሽ ፍርሃት ጎጂ አይደለም፤ ያነቃል። ከበረታብዎ ግን እስክሪብቶውን ያስቀምጡ። በአፍንጫዎ እስከ አራት እየቆጠሩ አየር ይሳቡ፤ እስከ ስድስት እየቆጠሩ ቀስ ብለው ያስወጡ። አምስት ጊዜ ከደጋገሙት የልብ ምትዎ ይረጋጋል። ከዚያ ቀላሉን ጥያቄ ፈልገው ይጀምሩ።

ሐኪም ማየት ያለብዎ መቼ ነው?

ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፍ ካጡ፣ የምግብ ፍላጎትዎ ከጠፋ፣ ቀድሞ የሚያስደስትዎ ነገር ሁሉ ካስጠላዎ፣ ወይም «ከንቱ ነኝ» የሚል ሐሳብ አልለቅ ካለዎ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይሂዱ። ድብርት የሚታከም ሕመም ነው። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብዎ አንድ ቀን እንኳ አይቆዩ፤ አጠገብዎ ላለ ሰው ተናግረው አብረው በቅርብ ወዳለ የሕክምና ተቋም ይሂዱ። ቤተሰብም እንዲህ ያለውን ንግግር እንደ ቀልድ ማየት የለበትም።

ፈተናው በሌላ ዙር ይመጣል፤ ጤና ግን ቀጣዩን ዙር አይጠብቅም። ስለዚህ ዛሬ ማታ የሚያደርጉት የመጀመሪያ ዝግጅት ቀላል ነው፤ የማንቂያ ደወሉን ለሌሊቱ 11 ሰዓት ሞልተው፣ አጎበርዎን ዘርግተው፣ በ4 ሰዓት መብራቱን ያጥፉ።