የጥሊሊ ድንች ከተማ ሲገባ ለምን ይወደዳል?

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስና በፍኖተ ሰላም አድርጎ ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ ሰው፣ ቡሬን ካለፈ በኋላ መንገዱ ሽቅብ ይይዝበታል፤ አየሩም እየቀዘቀዘ ይሄዳል። ጥሊሊ ያለችው እዚያ ነው፤ በቡሬና በእንጅባራ መካከል፣ የጓጉሳ ሽኩዳድ ወረዳ ዋና ከተማ። ብዙው መንገደኛ በመስኮት አይቷት ያልፋል። ጎብኚ የሚወርደው ጣና ዳር፣ ባሕር ዳር ነው። ጥር 23 የአገው ፈረሰኞችን በዓል ለማየት እንጅባራ የሚመጣው እንግዳም ቢሆን ጥሊሊ ላይ ብዙ አይቆምም። መኪናው በገበያ ቀን ከደረሰ ግን ወርዶ ማየቱ ይጠቅማል፤ ወጥ ቤታችን የሚገባው ድንች፣ እንቁላልና ቅቤ ዋጋው ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ ቁልጭ ብሎ የሚታየው እንዲህ ባለ ገበያ ነው።

ጥሊሊን ገበያ ያደረጋት አቀማመጧ ነው። በላይ በኩል ያለው የእንጅባራ ደጋ ድንችና ገብስ ያበቅላል። በታች በኩል ያለው የቡሬ ወይናደጋ ደግሞ በቆሎና በርበሬ አለው፤ የቡሬ በርበሬ ስሙም የታወቀ ነው። ደገኛው በርበሬ ይፈልጋል፣ ወይናደገኛው ድንች ይፈልጋል። ሁለቱ በመካከል ሲገናኙ ገበያ ይቆማል። አማርኛውም አገውኛውም እዚያው ይደባለቃል፤ አንዷ ሻጭ ከጎረቤቷ ጋር በአገውኛ ስታወጋ ቆይታ ወደ እርስዎ ዞራ በአማርኛ ዋጋ ትጠራለች።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ልግባ። ብዙ ሰው «ገጠር ርካሽ ነው» ይልና ያልፋል። ርካሽ የሆነው ግን ምኑ ነው? በምሳሌ እንየው፤ ቁጥሩን ለስሌት ያህል እኔው ያስቀመጥኩት ነው። አንዲት እናት አንድ ኩንታል ድንች በ2,000 ብር ሸጠች እንበል፤ ኪሎው 20 ብር መሆኑ ነው። ነጋዴው ለማስጫኛና ለማውረጃ 100 ብር፣ ለመኪና 400 ብር፣ ለደላላ 50 ብር ከፈለ። ጠቅላላው 2,550 ብር ሆነ። ድንች ደግሞ እንደ ጤፍ አይደለም፤ ውኃ ያዘለ ነገር ነው፣ ሲጫን ይቆስላል፣ የቆሰለው ይበሰብሳል። ከ100 ኪሎው 10 ኪሎ ተበላሸ ብንል 2,550 ብሩን የሚሸከመው የቀረው 90 ኪሎ ነው። ኪሎው 28 ብር ከ33 ሳንቲም ገባ ማለት ነው። ልብ ይበሉ፣ የቸርቻሪው የሱቅ ኪራይ፣ ግብርና ትርፍ ገና አልተቆጠረም። ድንቹ ያው ድንች ነው፤ የተጨመረው መንገዱና በመንገዱ ላይ ያለፈበት እጅ ነው።

መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ክፍተቱ ይበልጥ ይሰፋል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ግጭት መኪና በቆመ ቁጥር የሚጎዱት ሁለቱም ጫፎች ናቸው። ማሳው አጠገብ ገዢ ይጠፋና ድንች ይረክሳል፣ ከተማ ላይ ደግሞ ይወደዳል። በዚያ ጊዜ ርካሽ ድንች ማየት ደስ የሚል ነገር አይደለም።

ገበያው ውስጥ ሲገቡ መጀመሪያ የሚያደናግረው መለኪያው ነው። ከተማ የለመደ ሰው ኪሎ ይጠይቃል። እዚያ ግን ድንቹ፣ ሽንኩርቱ፣ ቃሪያው በመደብ ተከምሮ ይጠብቃል፤ እህሉ በጣሳ ወይም በቁና ይሰፈራል። ቁና እንደየአገሩ ይለያያልና የአንዱን ገበያ የቁና ዋጋ ከሌላው ገበያ የቁና ዋጋ ጋር ማወዳደር አይቻልም። ጣሳም ቢሆን አሰፋፈሩ ይለያያል፤ አንዷ አፉ ድረስ ሞልታ በመዳፏ ትላጨዋለች፣ ሌላዋ አናቱ ሾጥጦ በዳር በዳር እየፈሰሰ እስኪወርድ ትከምረዋለች። ዋጋ ከመጠየቅዎ በፊት «የተከመረ ነው የተላጨ?» ብለው ይጠይቁ። የጣሳውንም ሥር ይመልከቱ፤ ወደ ውስጥ የተቀጠቀጠ ከሆነ ልኩ ጎድሏል። የድንቹን መደብ ደግሞ ከሥሩ ገለጥ አድርገው ይዩት፤ ትልልቁ ላይ፣ ትንንሹ ሥር የተቀመጠበት አጋጥሞኛል፤ ከዚያ ወዲህ ሳልገልጥ ገዝቼ አላውቅም።

አረንጓዴ የሆነ ድንች ካዩ ይተዉት። ፀሐይ ስለነካው ነው እንዲያ የሆነው፤ አረንጓዴው ራሱ ባይጎዳም፣ ብርሃኑ ሶላኒን የሚባለውን መራራ መርዝ በልጡ ሥር ያበዛዋል። መቀቀል አያጠፋውም። ቤት ሲደርሱም በጨለማና ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ያስቀምጡት።

እንቁላል የሚፈተነው በፀሐይ ነው። እናቶቻችን በጭብጣቸው ይዘው ወደ ብርሃኑ አቅንተው በአንድ ዓይን ያዩታል፤ አዲሱ ከውስጥ ጥርት ብሎ ቀላ ያለ ብርሃን ያሳልፋል፣ የቆየው ይደበዝዛል። ቤት ከገባ በኋላ ደግሞ ውኃ ይመሰክራል። የእንቁላል ቅርፊት ዓይን የማያያቸው ብዙ ቀዳዳዎች አሉት። ቀን በቆጠረ ቁጥር ከውስጡ እርጥበት ይወጣል፣ በምትኩ አየር ይገባል። ስለዚህ አዲሱ ውኃ ውስጥ ጋደም ብሎ ይሰምጣል፣ የሰነበተው በአንድ ጫፉ ይቆማል፣ በጣም የቆየው ይንሳፈፋል። ቅቤ በአፍንጫ ነው። ለጋው፣ መካከለኛውና በሳሉ ሽታቸው ይለያያል፤ በጥፍርዎ ጫፍ ቆንጥረው እጅዎ ላይ አሽተው ያሽትቱት። ንጹሕ ቅቤ በገላ ሙቀት ቶሎ ይቀልጣል። ጓል ጓል እያለ የሚቀር ከሆነ ባዕድ ነገር ገብቶበት ሊሆን ይችላልና ወደ ሌላዋ ሻጭ ይሂዱ።

ዋጋው በቀን ውስጥም በዓመት ውስጥም ይንቀሳቀሳል። ጠዋት ገበሬው ከየቀበሌው በእግሩ፣ በአህያና በጋሪ ሲገባ ምርጡ ዕቃ አለ፣ ዋጋው ግን ገና አልረጋም፤ ሻጩም ገዢውም ይጠባበቃሉ። እኩለ ቀን ላይ ገበያው ይሞቃል፤ አይሱዙ ይዞ የመጣው ሰብሳቢ በኩንታል መግዛት ሲጀምር የቀኑ ዋጋ ይታወቃል። ገበያው ሊፈታ ሲል ደግሞ ሁለት ሰዓት በእግሯ የምትሄድ ሴት ያልሸጠችውን ተሸክማ መመለስ አትፈልግምና ትቀንሳለች። እዚህ ላይ ድካሟን አይቶ ዋጋ መስበር አይገባም ባይ ነኝ። «የቀረውን ጠቅልዬ ልውሰደው» ማለት ግን ለሁለቱም ይበጃል፤ እሷ ተሸክማ አትመለስም፣ እርስዎም በጅምላ ዋጋ ይገዛሉ።

የዓመቱን ዋጋ የሚያንቀሳቅሱት ዝናቡና ጾሙ ናቸው። ድንች ከ3 እስከ 4 ወር ውስጥ ስለሚደርስ፣ ክረምት ማብቂያ ላይ እህሉ ገና በማሳ ሳለ የገበሬውን ቤት ደርሶ የሚያድነው እሱ ነው። እህል በብዛት የሚወጣውና ዋጋው ዝቅ የሚለው ከአጨዳ በኋላ፣ በታኅሣሥና በጥር ነው፤ ግብርም ዕዳም የሚከፈልበት ወቅት በመሆኑ ገበሬው ባይወድም ይሸጣል። ቅቤና እንቁላል ደግሞ በቀን መቁጠሪያው ይሄዳሉ። የዐቢይ ጾም 55 ቀን ሲገባ ፈላጊ ይጠፋል፣ ፋሲካ ሲቃረብ ዋጋው ይሰቀላል። ላሟ ግን አትጾምም፤ ወተቷ በጾሙም ይናጣል። ለፋሲካ ቅቤ የሚፈልግ ሰው ጾሙ መሐል ላይ ገዝቶ፣ በኮረሪማና በኮሰረት አንጥሮ ቢያስቀምጥ ይጠቀማል፤ ውኃው የወጣለት ቅቤ ቶሎ አይበላሽም።

አዲስ አበባ ለሚኖር አንባቢም ነገሩ ሩቅ አይደለም። የእሑድ ገበያ የተቋቋመው በዚሁ ሐሳብ ነው፤ በአምራቹና በሸማቹ መካከል ያለውን እጅ ለመቀነስ። ለድንች ብቻ ብሎ ከከተማ ጥሊሊ ድረስ መሄድ ግን አያዋጣም። በኪሎ 10 ብር ቢያተርፉና ትራንስፖርቱ 500 ብር ቢፈጅ፣ የመኪናውን ለመመለስ ብቻ 50 ኪሎ መግዛት አለብዎት። ለሌላ ጉዳይ ሲያልፉ ነው የሚገዛው።

ሲወርዱ ኬሻ ወይም ዘንቢል ይያዙ፤ ዝርዝር ብርም ይኑርዎት። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ጀምሮ ቢኖርም፣ መሬት ላይ መደብ ዘርግታ ለተቀመጠች እናት ጥሬ ገንዘቡ ይቀላታል፤ በማለዳ 200 ብር አውጥተው ቢሰጧት መልስ ፍለጋ ዕቃዋን ጥላ መዞሯ ነው። ሰላምታ ይቅደም። «እንዴት ዋልሽ እናቴ፣ መደቡ ስንት ነው?» ይበሉ፤ አዛውንት ከሆኑ «እንዴት ዋሉ አባባ» ይበሉ። የተጠራው ዋጋ መነሻ ስለሆነ መከራከር ነውር የለውም። ዋጋው አልወርድ ሲል «እሺ፣ ምራቂ ጨምሪልኝ» ይበሉ፤ ሁለት ሦስት ድንች፣ አንድ ጭብጥ ገብስ ከላይ ጣል ይደረግልዎታል። ምራቂውን ሻጯ በገዛ እጇ ስትሰጥ ነው ደስ የሚለው፤ ራስዎ ከመደቡ አያንሡ።

ያቺ ሴት በዚያው ቀን፣ በዚያው ገበያ፣ ከድንቹ ብር ላይ ጨው፣ ሳሙናና የልጇን ደብተር ገዝታ ነው የምትመለሰው። እነዚህ ደግሞ ከከተማ የሚመጡ ናቸውና የመንገዱን ወጪ እሷ ትከፍላለች። በምሳሌያችን ጥሊሊ ላይ መግዛትዎ ብቻ ከኪሎው 8 ብር አትርፎልዎታል። እባክዎ፣ የእሷን 20 ብር አይሸርፉባት።